አነስተኛ የኤሌክትሮን አክስለሬተር በራስ አቅም፦ ወጪው ያለው መዳቡ ላይ አይደለም

ጥያቄው የቀረበው ከአንድ የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ሲሆን፣ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በአንድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ፣ ለተማሪዎቻችን ምርምርም በአጠገባችን ላለው ሆስፒታል የካንሰር ሕክምናም የሚያገለግል አነስተኛ የኤሌክትሮን አክስለሬተር በራሳችን አቅም መሥራት ይቻላል? መዳብ በጥራት የሚቀርጽ ወርክሾፕ አለን። በቺፕ ላይ የተሠራ አክስለሬተር እንዳለም አንብቤአለሁ፤ እሱን መጠበቅ ይሻላል ወይስ በነባሩ መንገድ መጀመር?»

ውድ መምህር፤

አጭሩን መልስ አስቀድማለሁ። ለምርምርና ለሥልጠና የሚሆን፣ ኢነርጂው 6 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የሆነ አክስለሬተር (ኤሌክትሮንን የሚያፋጥን መሣሪያ)፣ ዋና ዋና ክፍሎቹን ገዝቶ ቀሪውን በራስ እጅ በማዘጋጀት ማቆም ይቻላል። ያንኑ መሣሪያ በሽተኛ ላይ ማዋል ግን አይገባም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ወርክሾፕዎ መዳብ መቅረጽ መቻሉ ደስ ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ የእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ወጪ በአብዛኛው ያለው መዳቡ ላይ ሳይሆን መዳቡን በሚመግበው የከፍተኛ ቮልቴጅ ክፍል፣ በማቀዝቀዣው፣ በኮንክሪቱ ግድግዳና መሣሪያው በቆመ ቁጥር በሚባክነው ጊዜ ላይ ነው። ርካሽ አክስለሬተር የሚፈልግ ሰው ትኩረት ማድረግ ያለበት እዚያ ላይ ነው።

የዚህ መሣሪያ ታሪክ ራሱ ይህንኑ ያስረዳል። ኖርዌያዊው ሮልፍ ቪደሮ በተለዋዋጭ ቮልቴጅ ቅንጣቶችን ደረጃ በደረጃ ማፋጠን እንደሚቻል በ1928 ዓ.ም. (እዚህ ሁሉ ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በጀርመን አኸን ካሳየ በኋላ፣ ሐሳቡ ለኤሌክትሮን ሳይበቃ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን በሴንቲ ሜትር የሚለካ ሞገድ በብዙ መቶ ኪሎ ዋት የሚያመነጭ ቱቦ ነበር። እሱን የሰጠው ራዳር ነው፤ የቫሪያን ወንድማማቾች በ1937 በስታንፎርድ ክላይስትሮንን፣ ራንዳልና ቡት በ1940 በበርሚንግሃም የካቪቲ ማግኔትሮንን ሠሩ። ጦርነቱ ሲያበቃ የዊልያም ሃንሰን ቡድን በ1947 በስታንፎርድ፣ በዚያው ሰሞን የፍራይ ቡድን በእንግሊዝ ማልቨርን፣ ለራዳር የተሠሩትን ማግኔትሮኖች ይዘው ኤሌክትሮንን በሞገድ አፋጠኑ። በ1953 የለንደኑ ሃመርስሚዝ ሆስፒታል 8 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ባለው መሣሪያ የመጀመሪያውን በሽተኛ አከመ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከላቦራቶሪ ወደ ሆስፒታል መድረስ የተቻለው ሌላው ኢንዱስትሪ ከባዱን ክፍል አስቀድሞ በብዛት ያመርት ስለነበረ ነው። ዛሬም ርካሽነት የሚገኘው በዚያው መንገድ ነው፦ ለወደብ ዕቃ መፈተሻና ለኢንዱስትሪ ራዲዮግራፊ የሚመረተውን ማግኔትሮን መጠቀም እንጂ ለራስ ብቻ አዲስ የኃይል ምንጭ መንደፍ ትርፍ የለውም።

አሁን ስሌቱን እንየው፤ የሚሻለውን መጠን የሚወስነው እሱ ነው። በ3 ጊጋኸርዝ የሚሠራ በደንብ የተነደፈ፣ ኤሌክትሮኖቹ የሚፋጠኑበት የመዳብ ቱቦ በየሜትሩ 90 ሜጋ ኦም ያህል ሻንት ኢምፔዳንስ (በተሰጠው ኃይል ምን ያህል ቮልቴጅ እንደሚገኝ የሚያሳይ ልክ) ይኖረዋል። ቱቦው 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 27 ሜጋ ኦም ይሆናል ማለት ነው። ኤሌክትሮኑ 6 ሚሊዮን ቮልት እንዲያገኝ የቮልቴጁን ካሬ ለዚህ ስናካፍል 1.3 ሜጋ ዋት ይወጣል፤ ይህ ኃይል በቱቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ መስኩን አቁሞ ለማቆየት ሲባል በመዳቡ ግድግዳ ላይ ወደ ሙቀት የሚለወጥ ነው። በየምቱ 100 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሮን ፍሰት እንዲኖር ከፈለግን ፍሰቱ ራሱ 0.6 ሜጋ ዋት ይወስዳል። ድምሩ ወደ 2 ሜጋ ዋት ስለሚጠጋ፣ በመስመሩ ላይ የሚጠፋው ተጨምሮበት 2.5 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ማግኔትሮን ይበቃናል። ቁጥሩ የሚያስፈራ ቢመስልም የሚቆየው በእያንዳንዱ ምት 4 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው፤ በሰከንድ 250 ምት ቢኖር መሣሪያው የሚሠራው ከጊዜው አንድ ሺህኛውን ስለሆነ አማካይ የማይክሮዌቭ ኃይሉ 2.5 ኪሎ ዋት ነው፤ ከአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙም አይርቅም።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ በዚያው 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ኢነርጂውን ወደ 12 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ እናድርግ ብንል ለግድግዳው የሚጠፋው ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከ5 ሜጋ ዋት በላይ ስለሚሄድም ከማግኔትሮን ወደ ክላይስትሮን፣ ከክላይስትሮንም ጋር ወደ ትልቅ ሞዱሌተር (የከፍተኛ ቮልቴጅ ምቱን የሚሰጠው ክፍል) እንገፋለን። ቱቦውን እጥፍ ብናረዝመው ግን ኃይሉ እጥፍ ብቻ ይጨምራል። ስለዚህ ማሳጠር ሁልጊዜ ማርከስ አይደለም፤ ክፍሉ የሚችል ከሆነ ጥቂት ሴንቲ ሜትር መጨመር ከሁሉ የረከሰው መፍትሔ ነው። ሁለተኛው፣ ከ6 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አለማለፍ ሌላም ትልቅ ወጪ ያስቀራል። ኢነርጂው ከ10 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ወዲያ ሲያልፍ ኤክስሬዩ በዒላማው (ኤሌክትሮኑ ሲመታው ኤክስሬይ በሚያወጣው ብረት) እና በአካባቢው ብረቶች ላይ ኒውትሮን እያስወጣ ይሄዳል፤ ያኔ በሩም የኮሪደሩም አሠራር ለኒውትሮን ጭምር መታሰብ አለበት፣ የመሣሪያው ክፍሎችም ራሳቸው ለተወሰነ ጊዜ ጨረራ አመንጪ ሆነው ይቆያሉ። በ6 ላይ ግን ትልቁ ጉዳይ ኮንክሪት ነው። ኤክስሬይ የሚያመነጩ ከሆነ ጨረራውን ወደ አንድ አሥረኛ ለመቀነስ ከ33 እስከ 37 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ያስፈልጋል፤ ይህ አምስት ስድስት ጊዜ ሲደጋገም ዋናው ግድግዳ ወደ ሁለት ሜትር ውፍረት ይደርሳል። «በአንድ ክፍል ውስጥ» ሲሉ ይህን ክፍል እንዳሰቡት ተስፋ አደርጋለሁ።

ወደ ወርክሾፕዎ ልምጣ። ሞገዱን ማሳጠር፣ ማለትም ከ3 ጊጋኸርዝ ወደ 9.3 ጊጋኸርዝ መሄድ፣ ቱቦውን ቀጭንና ቀላል ያደርገዋል፤ በሮቦት ክንድ ላይ የሚሰቀለው ሳይበርናይፍ የተባለው የሕክምና መሣሪያም በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሞቢትሮንም የሚጠቀሙት ይህን አጭር ሞገድ ነው። ዋጋው የሚከፈለው በቅርጽ ትክክለኛነት ነው። ቱቦው የሚሠራው ከተደራራቢ ክፍሎች ነው፤ በ3 ጊጋኸርዝ የአንዱ ክፍል ውስጣዊ ሬዲየስ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ላይ 10 ማይክሮ ሜትር ብንሳሳት፣ ይኸውም ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት በብዙ ያነሰ ስሕተት ቢፈጠር፣ ድግግሞሹ 0.8 ሜጋኸርዝ ያህል ይዛባል፤ የመዳቡ ክፍል ግን የሚቀበለው የድግግሞሽ ስፋት 0.2 ሜጋኸርዝ ገደማ ብቻ ነው። ያው የ10 ማይክሮ ሜትር ስሕተት በ9.3 ጊጋኸርዝ ላይ ከ7 ሜጋኸርዝ በላይ ያዛባል። በመጀመሪያው ሁኔታ ግድግዳውን በጥቂቱ እየጫኑ ማስተካከል ይቻላል፤ በሁለተኛው ሁኔታ ግን እርማቱ ራሱ ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ለጀማሪ ቡድን 3 ጊጋኸርዝ ይሻላል፤ ቅርጹም በ1960ዎቹ ሎስ አላሞስ ላይ ኤድዋርድ ናፕና ባልደረቦቹ ያዳበሩት፣ ክፍሎቹ በጎን በኩል በትንንሽ ክፍሎች የሚገናኙበት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ የየክፍሉን ትንንሽ የቅርጽ ስሕተት በአንጻሩ ይታገሣልና።

ከቀረጹ በኋላ ያለው ደረጃ ነው የሚከብደው። ክፍሎቹ የሚገጣጠሙት በብርና መዳብ ቅይጥ፣ በ780 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ኦክስጅን በሌለበት ምድጃ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቱቦው እየሞቀ ለብዙ ቀናት አየሩ ይመጠጣል። ይህ ምድጃ ከሌለዎት የታሸገውን ቱቦ ከነኤሌክትሮን ምንጩና ከነማይክሮዌቭ መስኮቱ መግዛት ከምድጃው ይረክሳል። ይህ ማለት ግን ወርክሾፕዎ ሥራ ፈት ይሆናል ማለት አይደለም። ያንኑ ቅርጽ በአሉሚኒየም ቀርጸው በብሎን ያጥብቁት፤ በመሃሉ ትንሽ ዶቃ በዓሣ ማጥመጃ ክር እየጎተቱ የድግግሞሹን ለውጥ በኔትወርክ አናላይዘር ይለኩ። ዶቃው መስኩ በበረታበት ቦታ ሲደርስ ድግግሞሹ የበለጠ ስለሚለወጥ፣ በቱቦው ርዝመት ያለው የመስክ ቅርጽ በወረቀት ላይ ይሣላል። ቫኪዩምም ከፍተኛ ቮልቴጅም ጨረራም የሌለው ይህ ሙከራ የማስተርስ ተማሪን ሁለት ዓመት በደንብ ያሠራል፤ በእኔ ግምት ከሙሉ መሣሪያው በፊት መጀመር ያለበት እሱ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ። ሥራዎ ደጋ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ወይም በዚያው ከፍታ ባለ ሌላ ከተማ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ይህ ለሰው ሳንባ ብቻ ሳይሆን ለአክስለሬተርም ይታወቀዋል። የማግኔትሮን ካቶድ በየምቱ 45 ኪሎ ቮልት አካባቢ ይቀበላል፤ በቀጭን አየር ውስጥ ብልጭታ የሚዘለው በአነስተኛ ቮልቴጅ ስለሆነ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ በቂ የነበረው የገመዶች ርቀት እዚህ ይጠባል። በዘይት ውስጥ የተዘፈቀው ክፍል አይነካም፤ በአየር ላይ ያለው ግን እንደገና መለካት አለበት። በሞገድ ማስተላለፊያው ውስጥ የሚሞላው ጋዝም እንዲሁ ነው፤ የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ከውጪው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ መመሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ላይ ቢያደርሱትም በውስጡ ያለው እውነተኛ ግፊት ከታሰበው ያነሰ ነው። አየር እያነፈሰ የሚያቀዘቅዘው ቺለርም (የውኃ ማቀዝቀዣው) አቅሙ ይቀንሳል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚብሰው የጨረራ መጠን ልኬት ነው። አየሩ ክፍት የሆነ አዮናይዜሽን ቻምበር (የጨረራ መጠን መለኪያ) የሚቆጥረው በውስጡ ባለው የአየር መጠን ልክ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ንባቡ 1.3 ገደማ በሆነ የማስተካከያ ቁጥር መባዛት አለበት። ማስተካከያው ቢዘነጋና ጨረራውን የሚያቆመው መቆጣጠሪያም እንዲህ ያለ ክፍት ቻምበር ቢሆን፣ መሣሪያው «ገና አልሞላም» እያለ ከታዘዘው መጠን አንድ ሦስተኛ ያህል አስበልጦ ይሰጣል። አንዳንድ የሕክምና መሣሪያ አምራቾች የታሸገ ቻምበር የሚጠቀሙት አንድም ለዚህ ነው፤ የታሸገውም ቢሆን ማሸጊያው ቀስ በቀስ ሊያስተነፍስ ስለሚችል በየጊዜው ከሌላ መለኪያ ጋር መመሳከር አለበት።

ቀጥሎ የመብራት መቆራረጥ አለ። የቱቦው ቫኪዩም የሚጠበቀው ሌሊትና ቀን በሚሠራ አዮን ፓምፕ ነው፤ የኤሌክትሮኑ ምንጭ የሆነው ባሪየም የተዋሐደው የተንግስተን ካቶድ ደግሞ በመጥፎ ቫኪዩም ውስጥ ሲሞቅ ይመረዛል፣ ኤሌክትሮን መልቀቁም ይቀንሳል። ስለዚህ መሣሪያው በማይሠራበት ሰዓትም ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፤ የሚፈልገው ግን ጥቂት ዋት ስለሆነ ራሱን የቻለ ባትሪ ለብቻው ቢመደብለት ብዙ ገንዘብ ያድናል። ባለፉት ዓመታት ካየኋቸው የመሣሪያ መቆሞች ብዙዎቹ ከቱቦው አልነበሩም፤ ከውኃ ማቀዝቀዣው፣ ከፓምፑና ከመቆጣጠሪያ ካርዶች ነበሩ። የመዳቡ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲለወጥ ድግግሞሹ በ50 ኪሎኸርዝ ያህል ስለሚንቀሳቀስ፣ የቺለሩ ብልሽት ወዲያው የጨረራው ብልሽት ይሆናል።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። በ2016 ኅዳር በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል በሰርን በተደረገ ስብሰባ የተጀመረውና በኋላ ስቴላ የሚል ስም የያዘው የብዙ አገሮች የጋራ ሥራ፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባሉ አገሮች የሚጸና ሊናክ (ቅንጣቶችን በቀጥታ መስመር የሚያፋጥን መሣሪያ) ለመንደፍ ሲነሣ «ምኑ ነው የሚሰበረው?» ብሎም ጠይቋል። በ2020 የወጣው የእንግሊዝ፣ የናይጄሪያና የቦትስዋና ሆስፒታሎች ንጽጽር የጨረራውን ቅርጽ የሚያወጣው ባለብዙ ቅጠል ኮሊሜተር ብዙ ጊዜ እንደሚያስቆም፣ የቫኪዩም ክፍሉ ብልሽት ደግሞ በአፍሪካዎቹ ሆስፒታሎች በኩል እንደታየ አመለከተ። ይህ ለእርስዎም ጠቃሚ ነው። የምርምር መሣሪያ ባለብዙ ቅጠል ኮሊሜተር አያስፈልገውም፤ የሚሽከረከር ክንድም፣ ጨረራውን የሚያጥፍ ማግኔትም አያስፈልገውም። ቀጥ ብሎ የቆመ ቱቦ፣ በጫፉ ቀጭን የቲታኒየም መስኮት፣ ከፊቱ ናሙና፤ ይኸው ነው። ከሞዱሌተሮቹም መካከል ብዙ ትንንሽ ትራንዚስተር ማብሪያዎችን አዳምሮ ምቱን በትራንስፎርመር የሚያሳድገውን ይምረጡ፤ በአሮጌው ዓይነት ያለው ታይራትሮን እያረጀ የሚሄድ፣ ከውጭ የሚታዘዝ ቱቦ ነው፤ በአዲሱ ዓይነት ግን ከተቃጠለ ካርድ በስተቀር የሚለወጥ የለም፣ ካርዱንም የእርስዎው ሰው ሊጠግነው ይችላል።

እንግዲህ ሕክምናውስ? የኢትዮጵያ በሽተኞች ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ባለ የኮባልት መሣሪያ ወረፋ ሲጠብቁ እንደኖሩ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ሁለቱን ዓላማ በአንድ ማሰሪያ ለማሰር መፈለግዎ ከልብ የመጣ መሆኑን እረዳለሁ። ኮባልት 60 በ5.27 ዓመት እየገመሰ ስለሚሄድ ምንጩ ሲያረጅ የአንዱ በሽተኛ የሕክምና ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ 6 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ሊናክ ግን ሲጠፋ ምንም ጨረራ የለውም፣ የሚጣል ራዲዮአክቲቭ ምንጭም አይተውም። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ በዩኒቨርሲቲ የተሠራ አክስለሬተር በሽተኛ ፊት የማይቀርበው ስለ ኤሌክትሮኑ ጥራት ሳይሆን ስለ መቆለፊያዎቹ ነው። ኤክስሬይ ለማመንጨት የሚያስፈልገው የኤሌክትሮን ፍሰት ኤሌክትሮኑን ራሱን በቀጥታ ለማከም ከሚያስፈልገው በመቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ይበልጣል። ዒላማው ከመንገዱ ተነሥቶ ፍሰቱ ሳይቀነስ ቢቀር የሚደርሰው አደጋ በ1985 እና በ1987 መካከል ቴራክ 25 በተባለው መሣሪያ ታይቷል፤ ቀድሞ በብረትና በማብሪያ ማጥፊያ ይሠራ የነበረው መቆለፊያ ለኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻ ተትቶ ስለነበር፣ በ6 በሽተኞች ላይ ከታዘዘላቸው እጅግ የበዛ መጠን አረፈ፤ ከፊሎቹም ሞቱ። በአክስለሬተር ላይ ገንዘብ ከማይቆጠብባቸው ነገሮች የመጀመሪያው ይህ ነው፦ እያንዳንዱ አደገኛ ሁኔታ ከፕሮግራሙ ውጭ በሆነ፣ በሽቦ በተሠራ መቆለፊያ ጭምር መዘጋት አለበት። ለምርምሩም ይህን እንዲያደርጉ እለምንዎታለሁ፤ በዚያ ክፍል የሚገቡት ተማሪዎችዎ ናቸውና።

ምርምሩና ሕክምናው የሚገናኙበት ሌላ መንገድ ግን አለ፤ እሱም ከሁሉ የሚያስደስተኝ ነው። በ2014 በፈረንሳይ ኦርሴ ያሉ ተመራማሪዎች 4.5 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ባለው አነስተኛ ሊናክ፣ ጨረራው በሰከንድ ከ40 ግሬይ (የጨረራ መጠን መለኪያ) በላይ በሆነ ፍጥነት ሲሰጥ የአይጥ ጤነኛ ሳንባ ከተለመደው ያነሰ ሲጎዳ ዕጢው ግን እንደተለመደው እንደሚጎዳ አሳዩ። ፍላሽ የሚባለው ይህ ነው። በ2018 በስዊዘርላንድ ሎዛን፣ 5.6 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ባለው የምርምር ሊናክ አንድ የቆዳ ሊምፎማ በሽተኛ 15 ግሬይ በ90 ሚሊ ሰከንድ ተሰጠው። ለዚያ ሁሉ ጥናት መነሻ የሆነው መሣሪያ እርስዎ ከሚያስቡት የበለጠ ኢነርጂ የለውም። 6 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ኤሌክትሮን በውኃ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ለሕክምና ሙሉ መጠን የሚሰጠው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። ለሕዋስ ሳህን፣ ለአነስተኛ እንስሳ፣ ለዘር እህል፣ ለፖሊመር፣ ለዶዚሜትሪ (ለጨረራ መጠን ልኬት) ሥልጠና ይህ ከበቂ በላይ ነው። የሆስፒታሉ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች እዚያ መጥተው ሊለማመዱ፣ የሆስፒታሉ ሊናክ ሲቆምም የእርስዎ ሰዎች ሄደው ሊረዱ ይችላሉ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ በ2022 በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን ሬይስ ኦፍ ሆፕ የተባለውን የካንሰር ሕክምና ማስፋፊያ ሲያስጀምር የሰው ኃይል ሥልጠናን ከመሣሪያው ጋር አያይዞ ያነሣው በከንቱ አይደለም፤ የተገዛ ሊናክ የሚጠግነው ሰው ሲያጣ ቆሞ ይቀራል።

ስለ ቺፑ ያነበቡት እውነት ነው። በ2023 በጀርመን ኤርላንገን ተመራማሪዎች በሌዘር ብርሃን፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው ጥቃቅን መዋቅር ውስጥ ኤሌክትሮኖችን ከ28.4 ወደ 40.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አፋጠኑ። ግሩም ፊዚክስ ነው፤ ነገር ግን ከ6 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ከመቶ እጥፍ በላይ ያንሳል፣ የሚያልፈውም የኤሌክትሮን ብዛት እጅግ ጥቂት ነው። በፕላዝማ ውስጥ ማፋጠንም በበርክሌይ በ2019 በ20 ሴንቲ ሜትር 7.8 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት አድርሷል፤ ቱቦው ቢያጥርም የሚነዳው ሌዘር ግን ሕንፃ የሚሞላ ነው። መጠበቅ አይገባዎትም።

ስለዚህ እንዲህ ይጀምሩ። የአሉሚኒየሙን ቅርጽና የዶቃውን ሙከራ በዚህ ዓመት ያስጀምሩ። ከአገሪቱ የጨረራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጋር የግድግዳውን ሥዕል ይዘው አሁኑኑ ይነጋገሩ፤ ከተገነባ በኋላ ግድግዳ ማወፈር ከመሣሪያው ሊበልጥ ይችላልና። መሣሪያው እንዲቆም ያሰቡበት ክፍል ውስጥም ዛሬውኑ የቮልቴጅ መመዝገቢያና ቴርሞ ሜትር አስቀምጠው ቢያንስ ለስድስት ወር፣ ክረምቱን ጨምሮ፣ ያለማቋረጥ ይመዝግቡ። ቮልቴጁ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወርድ፣ መብራቱ ሲሄድ ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ የቧንቧው ውኃ በቀትር ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ የሚያሳየው ያ መዝገብ የሞዱሌተሩን፣ የባትሪውንና የቺለሩን መጠን ይወስናል። መዝገቡን ሲይዙ ቢጽፉልኝ የእነዚህን የሦስቱን ልክ አብረን እናሰላዋለን።